ለመርፌ ያዋጣነው ገንዘብ ተቀምጧል፤ ሰውነቱ ድንገት የከዳውን ጎረቤታችንን በምን እናግዘው?

ጠያቂ፦ የእድር ጸሐፊ፣ ጉለሌ

ጤና ይስጥልኝ። በጉለሌ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝና ወርኃዊ መዋጮ ያሳደረ አባል በር ማንኳኳት ነው። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ነገሩ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነው፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት። ሱቁ ከእድራችን ዕቃ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ድንኳን ተቀዶ በመጣ ቁጥር የሚሰፋው እሱ ነው፤ ሒሳብ ተቀብሎን አያውቅም። ሐምሌ መገባደጃ ላይ ተቅማጥ ያዘውና ተሻለው። በክረምት ተቅማጥ ማን ይደነግጣል! የቡሄ ዋዜማ ሲንጀሩ ላይ እንደተቀመጠ «መርገጫው ከበደኝ» አለ። በማግሥቱ ሽንት ቤት ቁጢጥ ካለበት መነሣት አቅቶት ልጁ ደግፎ አወጣው። በሦስተኛው ቀን መቀስ መጨበጥ ተሳነው። ድንገተኛ ክፍል ስናደርሰው ሐኪሟ «አየር በደንብ ሳብና በአንድ ትንፋሽ ቁጠርልኝ» አለችው። አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ አሥራ አንድ ላይ ትንፋሹ አለቀ። ኮሪደር ወጥቼ ራሴን ሞከርሁ፤ በሰባ ዓመቴ ሠላሳን አለፍሁ። ሐኪሟ ለምን እንደቸኮለች የገባኝ ያኔ ነው። ማታውኑ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ በመሣሪያ መተንፈስ ጀመረ።

ሰፈራችን ለሕመሙ ስም ለማውጣት አልሰነፈም። ስትሮክ ነው ተባለ፤ ምች ነው ተባለ፤ ከአንድ ደንበኛው ጋር ተጣልቶ ነበርና መተት ነው ያሉም አልጠፉ። ሐኪሞቹ ጉልበቱን በመዶሻ መትተው፣ ከጀርባው ፈሳሽ ቀድተው ከመረመሩ በኋላ ጊሊያን ባሬ ነው አሉ። እንደተረዳሁት የሰውነት መከላከያ የተቅማጡን ጀርም ሊያጠፋ ተነሥቶ የራሱን ነርቮች ሽፋን ያጠቃል፤ ድካሙ ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዓመት ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይይዛል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1916 ሕመሙን በሁለት የፈረንሳይ ወታደሮች ላይ አይተው ከጻፉ ሐኪሞች የመጣ ነው። የጻፉት ሦስት ነበሩ፤ የሦስተኛው፣ የስትሮል ስም ግን ከስያሜው ወድቋል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም።

ጭቅጭቁ የመጣው ከገንዘቡ ነው። ሐኪሞቹ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ቢገኝ ይረዳዋል አሉ። ልኩ በክብደት ነው፤ እንደ እሱ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 28 ግራም፣ ለአምስት ቀን 140 ግራም። ዋጋውን ስሰማ ብዕሬን አስቀመጥሁ። የእድራችን ደንብ ደግሞ አባል ወይም ቤተሰቡ ሲሞት እንጂ ሲታመም ሳንቲም እንዲወጣ አይፈቅድም። ስለዚህ ከእድሩ ውጪ ከቤት ወደ ቤት ዞርን። የታክሲ ተራው ልጆች የአንድ ቀን ገቢያቸውን ሰጡ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አዋጣ፤ አሜሪካ ያሉትም ላኩ። ገንዘቡ እስኪሞላና መድኃኒቱ እስኪፈለግ ግን ከወር በላይ ሄደ። በዚህ መሀል ሰውየው ከመሣሪያው ወጣ፤ ትከሻውን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሐኪሟም «መድኃኒቱ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነበር፤ አሁን ቢመጣ የሚጨምርለት ነገር የለም» አለችን።

ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል፤ ሰፈሩ ተከፋፍሏል። አንዱ ወገን «ለመርፌ ብለን ነው የሰጠነው፤ ከዱባይ በሰው ይምጣና ይወጋ» ይላል። ሌላው «ለመርፌ ካልሆነ ይመለስልን» ይላል። ለሚስቱ በአንድ ጊዜ እናስረክብ የሚሉም አሉ። አንድ አንጋፋ አባላችን በስብሰባ መሀል ተነሥተው «ታሞ የዳነ ሁሉ ከጠየቀ ለቀባሪው ምን ሊቀር ነው?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ያለ ጭቅጭቅ የሄደ አንድ ነገር ቢኖር የዩኒፎርሙ ጉዳይ ነው። ሲታመም የመስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ በእጁ ነበር፤ ቀብድ ተቀብሎበታል፤ ጨርቁ ተቆርጦ ተከምሯል። በመንገዱ ላይ ያሉ ሌሎች ልብስ ሰፊዎች፣ በሌላ ጊዜ ደንበኛ የሚነጣጠቁት ማለቴ ነው፣ ክምሩን ተከፋፍለው ሰፍተው አስረከቡ፤ ቀሪውን ሒሳብ ለሚስቱ ሰጡ። ማንም ስብሰባ አልጠራቸውም።

አሁን በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ ይገባል። ተደግፎ ይቀመጣል፤ መቆም አይችልም፤ ጣቶቹ ማንኪያ አይዙም፤ አንዱ ዓይኑ በደንብ አይከደንም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ የጋራ። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ገንዘቡን በምን እናውለው፣ ሰፈሩስ ምን ይሥራ? ደንባችንን ያሻሻለ እድር ካለም ልምዱን ያካፍለን።

ትውልደ ጉለሌ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ከላኩት አንዱ እኔ ነኝ ብል አልዋሽም፤ ሰፈሩን ከአነጋገርዎ አወቅሁት። በእኔ በኩል ያለው ገንዘብ ለሰውየው የተሰጠ ነው፤ ለጠርሙስ አይደለም። ሆኖም ሁሉም እንደ እኔ ያስባል ብዬ አልማልም። ለእያንዳንዱ ሰጪ አጭር መልእክት ይላኩ፤ መድኃኒቱ ጊዜው አልፏል፣ ገንዘቡ ለማገገሚያ ሊውል ነው፣ የማይስማማ እስከዚህ ቀን ድረስ ያሳውቅ ብለው። የሚጠይቅ ካለ ያለ ጥያቄ ይመለስለት። ኋላ ከሚመጣ ሐሜት ይሻላል።

ከዱባይ በሰው ይምጣ የሚለውን በጭራሽ አይቀበሉ። እንዲህ ያለው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነው። በሻንጣ ስንት ሰዓት ሲንከራተት እንደዋለ ማን ያውቃል? ሐኪሟም አይጠቅምም ብላለች።

እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሰው ማንሣትና ማገላበጥ እንጀራዬ ነው። ወገብ ላይ ታስሮ ሕመምተኛን ለማንሣት የሚያገለግል ሰፊ ቀበቶ አለ፤ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያሻግር ለስላሳ ጣውላም አለ። በሚመጣ ሰው እልካለሁ። እስከዚያ ግን ብብቱን ይዛችሁ አታንሡት። ልጆቹ ወጣት ስለሆኑ ጉልበታቸውን ማሳየት ይወዳሉ፤ ትከሻው ይወልቃል። ቀበቶው እስኪደርስ ባልንጀሮቹ ልብስ ሰፊዎች ከድንኳን ሸራ አንድ ይስፉለት፤ መያዣ እጀታ ግራና ቀኝ ያለው።

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ አዳማ

ጋሼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንጀራ ጋግሬ የምሸጥ ሴት ነኝ። ባለቤቴ መምህር ነው። ይኸው ሕመም ጥሎት ነበር። ዛሬ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ይደክመዋል፤ የእግሩ ጣቶች እስካሁን እንደደነዘዙ ናቸው፤ በተረፈ ሰው ነው። ስለዚህ የምናገረው ከቤቴ ነው።

ከሁሉ በፊት ጠያቂውን ያዙልን። ይህን ብዬ ክፉ ሴት ተብያለሁ፤ ግድ የለኝም። ይህ ሕመም ገላን እንጂ ልብን አይወስድም፤ ሰውየው ሁሉንም ይሰማል፣ ሁሉንም ያውቃል። ባለቤቴ ጉሮሮው ላይ ቱቦ ገብቶ መናገር ሲያቅተው የሰፈር ሴቶች እግሩ ሥር ቆመው እንደ ለቅሶ ያለቅሱ ነበር። አንዷማ «ምን ያለ ሰው ነበር!» አለች። ነበር! በኋላ መናገር ሲጀምር መጀመሪያ የጠየቀኝ «ያቺ ሴትዮ ማን ነበረች?» ብሎ ነው። ቤት ስንገባ በሩ ላይ በካርቶን «እዚህ ቤት አይለቀስም፤ መጠየቂያ ከ10 እስከ 11 ሰዓት» ብዬ ለጠፍሁ። ቡና አላፈላሁም። ቡና ከተፈላ ማን ይነሣል?

ሁለተኛው ነገር፣ ሰው ሁሉ የሚመጣው በመጀመሪያው ወር ነው። ያን ጊዜ ቤቱ በብርቱካንና በለስላሳ ተሞላ። ባለቤቴ እግሩን ማንቀሳቀስ ሲጀምር ሰፈሩ «ተሻለው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሥራው የሚጀምረው ግን ያኔ ነው፤ ለመቆም፣ ለመራመድ፣ ማንኪያ ለመያዝ። እህቴ ብልህ ናት፤ ደብተር አወጣችና ለሚመጣው ሁሉ «ዛሬ አትምጡ፤ ለታኅሣሥ ልጻፍዎ? ለጥር?» ትል ነበር። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ኋላ ስማቸው ደብተር ላይ ስለሰፈረ አፈሩና መጡ። እርስዎ ጸሐፊ ነዎትና ይህ ለእርስዎ ቀላል ነው።

ሌሊቱን አስቡበት። ሰውየው ራሱን ማገላበጥ እስኪችል በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለበት፤ በግራ፣ በጀርባ፣ በቀኝ። ካልሆነ ታፋውና የጅራቱ አጥንት ላይ ያለው ቆዳ ይቀላል፤ ከቀላ በኋላ ይቆስላል፤ ያ ቁስል ከሕመሙ ይብሳል። ሚስቱ ይህን ሁሉ ብቻዋን ካደረገች በሁለት ሳምንት እሷም ትወድቃለች። በእኛ ሰፈር ሁለት ሁለት ሆነው ጎረምሶች በተራ ያድሩ ነበር፤ እኔ ጓዳ ገብቼ እተኛለሁ። ግድግዳው ላይ ወረቀት ሰቅለን ሰዓቱንና የትኛው ጎን እንደሆነ ይጽፉ ነበር። ኳስ እያዩ ያመለጣቸው ሰዓት ካለ ወረቀቱ ያጋልጣቸዋል።

ሌሊት ደግሞ የነርቭ ሕመሙ ይነሣል። አንሶላ ጣቱን ሲነካው የሚጮህበት ጊዜ ነበር። የማካሮኒ ካርቶን አፉን ቀድጄ ከእግሩ በላይ ደፍቼ ብርድ ልብሱን በላዩ ጣልሁት፤ እግሩን ሳይነካው ሞቀው። ለሕመሙ ሐኪም የሚያዘው የነርቭ መድኃኒት አለ፤ ተራ ማስታገሻ አይበግረውም። «ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው» የሚል ሰው ካለ ከቤት አስወጡት።

ሽንት ቤቱን አናጺ ያዩት። የባለቤቴ የተሠራው ከጣውላ ነው፤ መሀሉ የተቀደደ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ እግሮቹ ሰፋ ያሉ። የፕላስቲክ ወንበር ቀድዶ መጠቀም ይታሰባል፤ ይሰነጠቃል፤ ሰውም ይጥላል። በጋራ ሽንት ቤት ላይ ወንበር ማስቀመጥ ጎረቤት ያስቀይማልና አስቀድማችሁ ተስማሙ። የብረት በያጁ ደግሞ ግቢው ውስጥ ከውሃ ቧንቧ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ መደገፊያዎች ሠራልን። ዋጋ ሲጠየቅ «ልጄን ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው» አለ።

ጣቶቹን በተመለከተ፣ ሐኪም ቤት የሚሰጡት ለስላሳ ኳስ ጥሩ ነው፤ እኛ ግን ምስር ሰጠነው። ምስርና ክክ ቀላቅዬ ትሪ ላይ አፈስለታለሁ፤ እየለየ ይለቅማል። መጀመሪያ በመዳፉ ይጠርግ ነበር፤ ኋላ በሁለት ጣት አንድ አንድ ፍሬ ማንሣት ቻለ። ተማሪዎቹ ሊጠይቁት መጥተው ምስር ሲለቅም አገኙት፤ «ጋሼ፣ ለሽሮ ነው?» አሉት። እሱም «ለእናንተ ፈተና ነው» ብሎ አብረውት እንዲለቅሙ አደረጋቸው። ሊጥም አቦክቷል። የእርስዎ ልብስ ሰፊ ነውና ቁልፍ በመጠን በመጠን ይለይ፤ ኋላ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ይሞክር።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አትስጡ። የሚስቱን ወንድም፣ የባሏን አጎት፣ ሁሉንም አውቃለሁ፤ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከመጣ የሚበደር ዘመድ አይጠፋም። በወር በወር ይሁን፦ የቤት ኪራይ፣ እንቁላልና ወተት፣ ዳይፐር፣ ከሁሉም በላይ ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚመላለስበት የኮንትራት ታክሲ። ሚኒባስ ውስጥ አጎንብሶ መግባት አይችልም። ብዙ ቤት ሕክምናውን የሚያቋርጠው የሕክምናው ዋጋ ከብዶት ሳይሆን መሄጃው ከብዶት ነው። ዕቁብ ካለበት ደግሞ ዳኛውን ያነጋግሩ። የባለቤቴ ዕቁብተኞች ዕጣ ሳያወጡ ተራውን ለእሱ ሰጡት።

ባለ እምነት

ሁላችሁም ሐኪም ሐኪም ትላላችሁ። ሰባት ቀን ጠበል ይጠመቅ፤ ከዚያ ወጌሻ ይሽው። የአክስቴ ልጅ በዚህ ነው የተነሣው።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ጎንደር

ወንድሜ፣ ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። ይህ ሕመም የደም ግፊትንና የልብ ምትን የሚቆጣጠሩትንም ነርቮች ይነካል፤ ገና ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጣን ሰው ሌሊት ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ማቆም አደጋ አለው። መዋጥ የሚቸገር ከሆነም በብዛት የሚጠጣው ነገር ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ካህኑ ቤት መጥተው በለብታ ይርጩት፤ የሚያስቀር የለም። መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ወጌሻው ይቅር። የወጌሻ እጅ ለወለቀ አጥንት የሚያውቀው ሙያ ይኖረዋል፤ እዚህ ግን ችግሩ ነርቭ ነው። ትከሻውን ይዞ የሚያቆመው ጡንቻ ስለላላ የሚጎተት ክንድ ይጎዳል።

ጸሐፊው አባቴ፣ እህታችን ከአዳማ የጻፈችውን አትሙና ለቤተሰቡ ስጡ፤ ትንሽ ልጨምርበት። ከስድስት ወር በኋላ ከአምስት ሕሙማን አራቱ ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ። በመሣሪያ የተነፈሱት ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያሉ፤ ስለዚህ በጥር መራመድ ካልቻለ ተስፋ ቆርጣችሁ ደብተሩን አትዝጉ። ከዓመት በኋላም የሚሻሻሉ አሉ። የተጎዳው የነርቩ ሽፋን ብቻ ከሆነ በሳምንታትና በወራት ይጠገናል፤ ነርቩ ራሱ ከተጎዳ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከወገብ እስከ እግር ጣት ስንት ሚሊ ሜትር እንዳለ ያስሉት። እግሩ ከእጁ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ሰፈሩ የሚያጠፋው ትልቁ ጥፋት በቅንነት የሚመጣ ነው፦ «በርታ፣ አንድ ዙር ጨምር!» ማለት። እንቅስቃሴው አጭር አጭር፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በመሀሉ እረፍት ያለው ይሁን። ዛሬ ከሠራ በኋላ ነገ ከዛሬው የደከመ ከሆነ በዝቶበታል፤ ቀንሱ። ድካሙ ስንፍና አይደለም፤ ጡንቻው ከተመለሰ በኋላም ለዓመታት የሚቆይ አለ።

ሲተኛ የእግሩ መዳፍ ወደ ታች እንዳይሰግግ ከአልጋው ጫፍ ጣውላ አቁሙና በትራስ ደግፉት፤ ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካልሆነ ጅማቱ ያጥርና ኋላ ጉልበት ቢመለስም ተረከዙ መሬት አይነካም። የማይከደነው ዓይን ቀን ጠብታ፣ ሌሊት በሐኪም የታዘዘ ቅባትና ሽፋን ይፈልጋል። ትንፋሽ ካጠረው፣ ትን ካለው፣ አንድ ባቱ ካበጠ ወይም ድካሙ እንደገና ወደ ላይ ከወጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

የጤና መድን ካርድ እንዳለው አልነገሩንም። ካለው የሪፈር ወረቀቱን ተከትላችሁ ሂዱ፤ ጤና ጣቢያውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ይቀራል።

ጠያቂ፦ የእድር ጸሐፊ፣ ጉለሌ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ተሰበሰብን። የአዳማዋን እህቴን ጽሑፍ ከፍ ባለ ድምፅ አነበብሁት፤ «ምን ያለ ሰው ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለት ሴቶች ተያዩ።

ለሰጪዎች መልእክት ተላከ። ገንዘባቸው እንዲመለስ የጠየቁ ነበሩ፤ ፈርመው ወሰዱ፤ ስማቸው በቃለ ጉባኤ አልተጻፈም። የቀረው በእኔ፣ በገንዘብ ያዡና በሚስቱ ፊርማ በየወሩ እንዲወጣ ተወሰነ። የሌሊት ተራ ተደልድሏል፤ ቀበቶው ከአሮጌ ድንኳን ሸራ ተሰፍቷል፤ አናጺው ወንበሩን ሊያመጣ ነው። የጤና መድን ካርድ አለው፤ የሪፈሩን ነገር ለልጁ ነግሬዋለሁ።

ደንቡ ላይ ግን አልተስማማንም። እኚያ አንጋፋ አባል አልተለወጡም፤ የተናገሩትም ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። «የመዋጮው ልክ ለቀብር የተሰላ ነው፤ ሦስት ሰው አብሮ ቢታመም ድንኳን እንሸጣለን» አሉ። አንዲት እናት ተነሥተው በ1990ዎቹ በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ለታመመና ወላጅ ላጣ ልጅ የሚረዱበት አንቀጽ እንዳስገቡ አስታወሱ፤ «እኛ ያኔ ቀብረን ቀብረን ነው የነቃነው» አሉ። በመጨረሻ ከቀብሩ ገንዘብ የማይነካ፣ በየወሩ አሥር ብር የሚዋጣበት የሕመም ሣጥን ለብቻው ይቋቋም የሚል ሐሳብ ቀረበ። ለጥር ጉባኤ ተላልፏል። ረቂቁን የምጽፈው እኔ ነኝ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የሱቁ ባለቤት የመስከረምን ኪራይ ትቶልናል፤ የጥቅምትን ግን ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም። ሱቁን እንልቀቅ ወይስ ከገንዘቡ እየከፈልን እንያዘው? ሚስቱ ማሽኑ ይሸጥ እያለች ነው።

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ አዳማ

ጋሼ፣ ማሽኑ አይሸጥ! ዛሬ በሸጠችበት ዋጋ ከርሞ አትገዛውም። እሱም ማሽኑ መሸጡን የሰማ ቀን ምስሩን አይለቅምም።

ሱቁን ለመያዝ ከተዋጣው ገንዘብ አትንኩ፤ ገንዘቡ የሚያልቀው እንደዚያ ነው። ረዳት ወይም ልምድ ያለው አንድ ልጅ ፈልጉና ማሽኑ ላይ ይቀመጥ፤ ኪራዩን ከፍሎ ከሚተርፈው ለቤቱ ድርሻ ይስጥ፤ ውሉን እርስዎ ይጻፉት፤ እስከ መቼ እንደሆነና ባለቤቱ ሲመለስ ወንበሩን እንደሚለቅ በግልጽ ይኑርበት። ሰውየው መቀመጥ ሲችል በቀን ለአንድ ሰዓት ሱቁ ይውሰዱት፤ ልኬት ይጻፍ፣ ደንበኛ ያነጋግር፣ ልጁ ሲያበላሽ ይቆጣ።

መርገጫው ለእግሩ ቢከብድ ሲንጀር ላይ ትንሽ ሞተር ይገጠማል፤ መርካቶ የሚሠሩት አሉ። እሱን ግን አሁን አትግዙ፤ በመጀመሪያ የትኛው እግሩ ቀድሞ እንደሚበረታ ይታይ።